«ማንም ሳያዝዝዎ የሠሩት ነገር አለ?»
ስለ አንድ የቃለ መጠይቅ ጥያቄና ስለ አመላለሱ



በመጠለያ ጣቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር፣ ማታ ማታ ወደ እኔ ጎጆ የሚመጣው ሰው ይበዛል። አንዱ ማመልከቻ እንድጽፍለት፣ ሌላዋ የቀድሞ ሥራዋን በእንግሊዝኛ እንዳሰፍርላት ትጠይቃለች። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የተመረጡት ሰዎች ስም ከተለጠፈ በኋላ የሚመጣው የቃለ መጠይቅ ቀን ነው። ከዚያ የሚመለሱትን «ምን ተጠየቃችሁ?» ስላቸው፣ ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ከተሰጠዎት የሥራ ድርሻ አልፈው፣ ማንም ሳያዝዝዎ የሠሩትን አንድ ነገር ይንገሩን» የሚል ነው። ብዙ ጎበዝ ሰው የሚወድቀው በዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ፣ የማውቀውን ያህል ለመጻፍ ተነሣሁ።

ነገሩን ለመረዳት የአንዲት እኅታችንን ታሪክ ላስቀድም። ይህች እኅት ከጦርነቱ በፊት በካርቱም፣ በሳሃፋ ሠፈር፣ በአንድ ቤት ስድስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖራለች። እዚህ መጥታ ለጽዳትና ለጤና አጠባበቅ ቅስቀሳ ሥራ ተወዳደረች። ጥያቄው ሲቀርብላት እንዲህ ብላ መለሰች፤ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እስከ እኩለ ሌሊት እሠራ ነበር። የተቀጠርኩት ለጽዳትና ለልብስ አጠባ ነው፤ ምግብም አበስል ነበር። የእመቤቲቱን እኅት ቤትም ያለ ክፍያ አጸዳ ነበር። ዓርብ እንኳ ዕረፍት አልነበረኝም።» ጠያቂዎቹ በአዘኔታ አዳምጠው አመሰገኗት። ሥራውን ግን ሌላ ሰው አገኘው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡና ስታፈላ ስለዚያው ቤት ስናወጋ፣ እግረ መንገዷን ሌላ ነገር አነሣች። በቤቱ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት ሐቦባ ነበሩ። ልጃቸው ጧት መድኃኒታቸውን ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ አባቷ መስጠቱን ሳታውቅ አርፍዳ ትነሣና ትደግምላቸዋለች። በዚያ የተነሣ ሐቦባዋ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ያልባቸዋል፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ይህን ያስተዋለችው ወለል የምትጠርገው የእኛ ልጅ ናት። ለእመቤቲቱ ነገረቻት፤ እመቤቲቱም ሐኪም ጠየቀች። ከዚያም ዐረብኛ ማንበብ የማትችለው ይህችው እኅት አንድ ሐሳብ አቀረበች። ሰባት ፍንጃል በትሪ ላይ ተደረደረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመቤቲቱ የየቀኑን መድኃኒት በየፍንጃሉ ትጨምራለች፤ የሰጠው ሰው ፍንጃሉን ይደፋዋል። የተደፋ ፍንጃል ያየ ሰው የዕለቱ መድኃኒት መሰጠቱን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ የሐቦባዋ መንቀጥቀጥ ቀረ።

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት። «ይህ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጠቅላላ ሐሳብ በዚህች እኅት ሁለት ታሪኮች መካከል ይገኛል። በመጀመሪያው ላይ በደል ተፈጽሞባታል፤ በሁለተኛው ላይ ግን አስባ ሠርታለች። ጠያቂው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። እኛ ስደተኞች ግን ዘወትር የምንናገረው የመጀመሪያውን ነው።

1. ጥያቄው ምን ይፈልጋል?

ጥያቄው ሲተረጎምልን «ከሥራህ በላይ ሠርተሃል?» እየተባለ ስለሚደርሰን፣ ብዙ ሰዓት የሠራና ብዙ የደከመ ሰው የሚፈለግ ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሦስት ነገሮችን ለማወቅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ይህ ሰው በዙሪያው ያለውን ጉድለት ያያል ወይ? ሁለተኛ፣ ጉድለቱን ካየ በኋላ «የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ያልፋል ወይስ አንድ እርምጃ ይወስዳል? ሦስተኛ፣ እርምጃውን ሲወስድ በማስተዋል ነው ወይስ በችኮላ?

«ትጉህ ነህ ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ጥቅም የለውም። «አይደለሁም» የሚል ተወዳዳሪ የለምና። ስለዚህ አንድ የሆነ ነገር ተነሥቶ እንዲነገር ይደረጋል። ይህ ዘዴ የቆየ ነው። ጆን ፍላናገን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የጦር አየር ኃይል ውስጥ በአብራሪዎች ጉዳይ ላይ ሲሠራ፣ ጠቅላላ አስተያየት ከመሰብሰብ ይልቅ «ያየኸውን አንድ ድርጊት ንገረኝ፤ ምን ተደረገ? ምን ውጤት አመጣ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል ተገነዘበ። ዘዴውንም እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ጽፎ አወጣው። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ብዙ የዕርዳታ ድርጅቶች በቃለ መጠይቅ «አንድ ጊዜ የሆነውን ይንገሩን» የሚሉት ከዚህ ጋር በሚቀራረብ መንገድ ነው። የእኛም አባቶች «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። ጠያቂው ብርሌውን እየጠየቀ ነው ማለት ነው።

2. በግድ የተሠራና በፈቃድ የተሠራ

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አለ። ዴኒስ ኦርጋን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ሠራተኛ ከድርሻው አልፎ የሚሠራውን በጎ ነገር ሲያጠና፣ ሥራው በሠራተኛው ፈቃድ የተሠራ መሆን እንዳለበት ገልጿል። ሌላው ምሁር ኤራን ቪጎዳ-ጋዶት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ፣ አለቃ አስገድዶ የሚያሠራው «ትርፍ ሥራ» በጎ ፈቃድ ሊባል እንደማይችል አስረድቷል። ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሳሃፋም ሆነ በደይም በሰው ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ የሚቆረጥባት፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት፣ «የጎረቤትንም ቤት አጽጂ» የምትባል ልጅ በጎ ፈቃደኛ አይደለችም። ተበዝብዛለች።

በ2003 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጄኔቫ ላይ ስለ ቤት ሠራተኞች ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189፣ የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ የሥራ ሰዓትዋ፣ ክፍያዋና የሳምንት ዕረፍትዋ የታወቀ እንዲሆን፣ የጉዞ ሰነድዋንም በራስዋ እጅ የመያዝ መብት እንዲኖራት ይደነግጋል። ይህን የጠቀስኩት ክርክር እንድታነሡበት ብዬ ሳይሆን፣ የደረሰባችሁን በደል «ትጋት» ብላችሁ እንዳትጠሩት ነው። በደሉን ለሚመለከተው የጥበቃና የሕግ ምክር ክፍል ንገሩ፤ እዚያ ይመዘገባል፤ ይደመጣል። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን በራሳችሁ ሐሳብ የሠራችሁትን ተናገሩ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «በካርቱም የሠራሁት ያለ ሥራ ፈቃድ ስለሆነ ባላነሣው ይሻላል» ትላላችሁ። በሱዳን ስደተኛ ለመቀጠር ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ፈቃዱን ማግኘትም ቀላል እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን። ይሁንና ስለ ሥራችሁ ለመናገር የአሠሪውን ስም ወይም የቤቱን አድራሻ መጥራት አያስፈልግም። «በካርቱም በአንድ ቤት» ማለት ይበቃል።

3. መልሱን እንዴት እናዘጋጅ?

መልሱ አራት ክፍል ቢኖረው ይመረጣል። እነርሱም፦

ሀ. ሁኔታው። የት ነበርኩ? ምን ጉድለት አየሁ? በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ለ. ድርሻዬ። የተቀጠርኩበት ሥራ ምን ነበር? ይህ ካልተነገረ ጠያቂው ከድርሻችሁ ማለፋችሁን ሊያውቅ አይችልም። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ሐ. ያደረግሁት። የመልሱ ትልቁ ክፍል ነው። ማንን አማከርኩ? በመጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን አደረግሁ? ለምን እንዲያ መረጥኩ?

መ. ውጤቱ። ምን ተለወጠ? በቁጥር ወይም በዓይን በሚታይ ነገር ቢነገር ጥሩ ነው። ከተቻለም ከዚያ የተማራችሁትን ከምትወዳደሩበት ሥራ ጋር አያይዙት።

የእኅታችን የፍንጃል ታሪክ በዚህ መንገድ ሲዘጋጅ የሚከተለውን ይመስላል፤

«በካርቱም በአንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት አሮጊት በቤቱ ነበሩ። የእኔ ድርሻ ጽዳትና ልብስ ማጠብ ነበር፤ መድኃኒት አይመለከተኝም። አሮጊቷ አንዳንድ ቀን እንደሚያልባቸውና እንደሚንቀጠቀጡ አየሁ። በእነዚያ ቀናት መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ እንደሚሰጣቸው አስተዋልኩ። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒቱን አልነካሁም፤ ለቤቱ እመቤት ነገርኩ። እርሷም ሐኪም ጠየቀች። በኋላ ሰባት ፍንጃል ለሰባት ቀን እንድናዘጋጅ ሐሳብ አቀረብኩ። መድኃኒቱን የሰጠ ሰው ፍንጃሉን እንዲደፋ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ሥራውን እስከተውኩበት ቀን ድረስ አሮጊቷ ሲንቀጠቀጡ አላየሁም። ማንበብ ለማይችል ሰው በዕቃ ማሳየት ከብዙ ቃል እንደሚሻል ተምሬበታለሁ። በጤና ቅስቀሳ ሥራ ላይም በዚሁ መንገድ ማስተማር እችላለሁ።»

ይህ ቀስ ተብሎ ሲነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በዚህ መልስ ውስጥ ልመና የለም፤ ራስን ማዋረድም ራስን ማግነንም የለም። «መድኃኒቱን አልነካሁም» የምትለው ዓረፍተ ነገር በተለይ ጠቃሚ ናት። ወሰኗን የምታውቅ ሰው መሆኗን ታሳያለችና።

ራስን ስለማግነን ካነሣሁ ዘንድ፣ አስተዳደጋችንም ይህን ጥያቄ እንደሚያከብድብን ልናገር። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለአንድ የመምህርነት ሥራ ስጠየቅ፣ አንገቴን ደፍቼ «የታዘዝኩትን ሁሉ እሠራለሁ» ብዬ መለስኩ። በቤታችን የተመሰገነ ልጅ ታዛዥ ልጅ ነው፤ መምህራኖቻችንም የወደዱን ዝም ስንል ነበር። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። በቃለ መጠይቅ ላይ ግን ዝምታም ይነቅዛል። ጠያቂው ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም፤ በወረቀቱም ላይ የሚጽፈው የሰማውን ብቻ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው «እኛ» የማለት ልማዳችን ነው። «አጸዳን፣ አስተማርን፣ አከፋፈልን» ሲባል ጠያቂው የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። የጓደኞቻችሁን ድካም ሳትሸሽጉ የራሳችሁን ለይታችሁ ተናገሩ። «አምስት ሆነን ነበር፤ የእኔ ሥራ ስም መመዝገብ ነበር» ማለት ይቻላል። ይህ ትዕቢት አይደለም።

4. «እኔ ተቀጥሬ አላውቅም» ለምትሉ

ወጣቶች በተለይ ይህን ትላላችሁ። ጥያቄው ግን ስለ ደመወዝ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 15 ኤፕሪል 2023) በካርቱም ጦርነቱ ሲጀመር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዕለቱ ቅዳም ሥዑር ነበር፤ በማግስቱ ፋሲካ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ረመዳንን ይጾሙ ነበር። በሳሃፋ የዶሮና የሽንኩርት ገበያ ላይ የነበርን ሰዎች ጧት ተኩስ ሰምተን ወደየሆሻችን ሮጥን። ከዚያ በኋላ መብራት ጠፋ፤ ውኃ ተቋረጠ። በእነዚያ ሳምንታት ማንም ሳያዝዘው አንድ ነገር ያልሠራ ሰው ጥቂት ነው።

የሱዳን ወጣቶች በዚያን ጊዜ በየሠፈራቸው የድንገተኛ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉትን አቋቁመው ነበር። በየሠፈሩ የጋራ ወጥ ቤት ከፍተው ምግብ አደሉ፤ መድኃኒት አፈላለጉ፤ ሰው ከተኩስ አወጡ። ብዙዎቹ ለዚህ የተቀጠሩ ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. እነዚህ ክፍሎች የኖርዌይን የራፍቶ ሽልማትና በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ዓለም ያከበረው ሥራ የተጀመረው በአንድ ድስትና በአንድ ስም ዝርዝር ነው።

ከአገራችንም ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ማስታወስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ የተራበ ሕዝብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላም ያስጠጓቸው ልጆች 21 ደረሱ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2021 ድረስም በዚሁ ሥራ ጸኑ። የሄዱት ለመሳለም ነበር፤ ሕፃናቱን ይዘው እንዲመለሱ ያዘዛቸው አለቃም አልነበረም።

እንደዚህ ያለ ታላቅ ታሪክ ከእናንተ አይጠበቅም። አንድ የማውቀው ወጣት የሆነውን ላውጋችሁ። በሳሃፋ እርሱ በነበረበት ሆሽ ዘጠኝ ቤተሰብ ነበር። ውኃ የሚያመጣው የአህያ ጋሪ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መምጣት ሲጀምር በሴቶቹ መካከል ጠብ ተነሣ። ወጣቱ የእኔን የማስተማሪያ ደብተር ጀርባ ወስዶ የዘጠኙን ቤተሰብ ስምና የልጆቻቸውን ቁጥር ጻፈ። ሕፃን ያለው ቤት በቅድሚያ እንዲቀዳ፣ የቀረው በተራ እንዲሆን አስማማ። ተራውንም በየቀኑ በበሩ ላይ በከሰል ይጽፍ ነበር። ከሠፈሩ እስክንወጣ ድረስ በውኃ ምክንያት ጠብ አልተነሣም። ይህ ወጣት በመጠለያ ጣቢያችን በማከፋፈያ ጣቢያ ለሰልፍ አስተናባሪነት ሲወዳደር «ልምድ የለኝም» ብሎ ሊጽፍ ነበር። ልምዱ እኮ ይህ ነው! ሁኔታው፣ ድርሻው፣ ያደረገውና ውጤቱ ሁሉም አሉ።

5. ድርሻን ማለፍና ወሰንን መጣስ

እስካሁን ከድርሻ ስለማለፍ ስናወራ ቆየን። ሆኖም የማይታለፍ ወሰን አለ። ጠያቂዎችም ይህን ለመለየት ሲሉ አንዳንድ ጊዜ ሆን ብለው ያንኑ ጥያቄ ገልብጠው ያቀርቡታል።

የመጀመሪያው ምሳሌ የአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ እንዳለ ማስተላለፍ አለበት። «ሰውየውን ልርዳው» ብሎ ቃል ቢጨምር ወይም ቢያሳምር ሥራውን አፈረሰ እንጂ ከድርሻው በላይ አልሠራም። አንድ ባልንጀራዬ ከአገሩ የወጣበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ተናገረ። አስተርጓሚው ሳይጠይቀው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ ተሳሳተ። ቀድሞ በሌላ ወረቀት ከተመዘገበው ዓመት ጋር ስላልተስማማ፣ የባልንጀራዬ ጉዳይ ለብዙ ወራት ተጓተተ። አስተርጓሚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መርዳቱ ነበር። በጎ ፈቃድ ያለ ማስተዋል እንዲህ ያለ ጉዳት ያመጣል። ትክክለኛው «በእኛ አቆጣጠር ነው የተናገረው፤ ይጣራ» ማለት ነበር።

ሁለተኛው የመጋዘን ጥበቃ ምሳሌ ነው። አንዲት እናት «ራሽኔ አልደረሰኝም» ብላ ስታለቅስ፣ ዘበኛው አዝኖ ከመጋዘን ዱቄት አውጥቶ ቢሰጣት ከድርሻው በላይ ሠራ አይባልም። የራሱ ያልሆነውን ሰጥቷል፤ የሌላውም ሰው ድርሻ ጎድሏል። ስሟንና የካርድ ቁጥሯን መዝግቦ ወደ ቅሬታ ተቀባዩ ክፍል ቢወስዳት፣ በማግስቱም ጉዳይዋ የት እንደደረሰ ቢከታተል ግን በእርግጥ ከድርሻው በላይ ሠርቷል።

ሦስተኛው የሰው ምስጢር ነው። ታሪካችሁን ስትነግሩ የታመመውን ሰው፣ የተደፈረችውን ልጅ፣ የተጣሉትን ባልና ሚስት በስም አትጥሩ። የሌላውን ምስጢር በቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራ ሰው ሥራ ላይም ያወራል ተብሎ ይገመታል።

አራተኛውን በግልጽ መናገር ይገባኛል። ሥራ ለማግኘት ገንዘብ፣ ስጦታ፣ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር፣ ያ ወንጀል እንጂ «ተጨማሪ ትጋት» አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ለሥራ፣ ለዕርዳታ ወይም ለገንዘብ ሲባል ወሲብን መጠየቅ ለድርጅቱ ሠራተኞች ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋርም ግንኙነት ማድረግ በማናቸውም ሰበብ የተከለከለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎትም በነጻ የሚሰጥ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሰው ለቅሬታ ተቀባዩ ወይም ለጥበቃ ክፍሉ ያሳውቅ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ለቃለ መጠይቅ ስትልኩ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

6. ከመልሱ በኋላ የሚመጡ ጥያቄዎች

ታሪኩን ከነገራችሁ በኋላ ጠያቂዎቹ ዘርዘር አድርገው ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚነሡት እነዚህ ናቸው፤

«አለቃዎ ያውቅ ነበር?» ቢያውቅ መቼና እንዴት እንደነገራችሁት አስረዱ። ሳታስፈቅዱ ሠርታችሁ ከሆነም ምክንያቱን ተናገሩ። ተኩስ ወይም እሳት ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ አይሰጥምና።

«ያንን ሲሠሩ ዋናው ሥራዎ አልተበደለም?» ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው። ሌላውን ለመርዳት የራሱን ሥራ የሚተው ሰው አይፈለግም። ሥራችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ከሆነ እንዲያ በሉ።

«እንደገና ቢያጋጥምዎ ምን ይለውጣሉ?» «ምንም አልለውጥም» ማለት አይመከርም። አንድ የተማራችሁትን ነገር ጥቀሱ። ያ ወጣት «ስም ዝርዝሩን በሁለት ደብተር እጽፈው ነበር፤ አንዱ ሲጠፋብኝ ተቸግሬያለሁ» ማለት ይችላል።

«ያልተሳካልዎት ጊዜስ?» ይህም ይጠየቃል። አንድ አዘጋጁ፤ ማንንም ሳትወቅሱ ተናገሩት።

እነዚህ ጥያቄዎች ስለሚከተሉ የተዋሰ ታሪክ አያዋጣም። የጓደኛችሁን ታሪክ የራሳችሁ አድርጋችሁ ብትነግሩ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ትያዛላችሁ። ከዚህም በላይ፣ የመጠለያ ጣቢያ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ዛሬ የዋሸ ሰው ነገ ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል።

7. ለቀኑ መዘጋጀት

ሀ. በደብተር ላይ ሦስት ታሪክ ጻፉ። አንዱ ከአገር ቤት፣ አንዱ ከካርቱም ወይም ከመንገድ፣ አንዱ ከዚህ ከመጠለያ ጣቢያው ቢሆን ጥሩ ነው። ለየታሪኩ አራቱን ክፍሎች ለዩ። መጻፍ የማይችል ሰው ለሚጽፍለት ልጅ እየነገረ ያስጽፍ። ታሪኩ ግን በራሱ አፍ ይለመድ።

ለ. የማስታወቂያውን ዝርዝር አንብባችሁ ከሦስቱ ለሥራው የሚቀርበውን ምረጡ። ለመምህርነት የሚወዳደር ስለ ተማሪ፣ ለጤና ቅስቀሳ የሚወዳደር ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ሕመምተኛ፣ ለጥበቃ የሚወዳደር ስለ አደጋ መከላከል ቢናገር ይመረጣል።

ሐ. ለጎረቤታችሁ ወይም ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩ። ሰሚው «ምን ነበር የሠራኸው?» ብሎ ከጠየቀ ሦስተኛው ክፍል ጎድሏል ማለት ነው።

መ. በአስተርጓሚ የምትናገሩ ከሆነ ዓረፍተ ነገራችሁን አሳጥሩ፤ ሁለት ሦስት ከተናገራችሁ በኋላ ቁሙ። ዓመተ ምሕረት ስትጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። የተናገራችሁት ተሳስቶ የተተረጎመ ከመሰላችሁ በትሕትና «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

ሠ. በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲያናግር አንገት መድፋት ጨዋነት ነው። ለጠያቂው ግን መልሱን የማታውቁ ሊመስለው ይችላል። ቀና ብላችሁ ጠያቂውን እያያችሁ ተናገሩ። ጥያቄው ካልገባችሁም ጠይቁ፤ ለማሰብ ጥቂት ዝም ማለትም አያስቀጣም።

በመጨረሻም፣ ሁሉ በትክክል ተመልሶም ሥራው ላይገኝ ይችላል። ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ስለሚወዳደር፣ ያልተመረጠ ሁሉ አልሠራም ወይም አልተናገረም ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ተናግሮ መቅረትና ሳይናገሩ መቅረት አንድ አይደሉም። ከሁለተኛው ጋር የሚመጣው ጸጸት ብዙ ቀን እንቅልፍ ይነሣል።

ያች የፍንጃሏ እኅታችን ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ እንደገና አመለከተች። ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበረው ምሽት ታሪኳን ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ላይ ውጤቱን ረሳችው፤ በሁለተኛው ላይ ስለ ዓርብ ዕረፍት ማጣቷ ማንሣት ጀምራ ራሷ ሣቀች። በሦስተኛው ላይ ግን ፍንጃሎቹን እንደምትደረድር ሁሉ እጇን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ ውጤቱ አልተለጠፈም። ከቃለ መጠይቁ ስትመለስ ግን «በዚህኛው ጊዜ የሠራሁትን ተናግሬያለሁ» አለችኝ።

እናንተም የዚህን ጋዜጣ ጀርባ ባዶ ቦታ ተጠቅማችሁ ዛሬ ማታ አንዱን ታሪካችሁን ጻፉ። ማንም ሳያዝዛችሁ የሠራችሁት ነገር አለ፤ ያለፋችሁበትን መንገድ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ ይህን እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ።

መልካም ዕድል።